«ለጊዜው» የተቀመጠውን ፋይል ማን ያንሳው?

ነሐሴ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 29 ቀን 2023) ጃፓን ውስጥ ያሉት 14ቱም የቶዮታ መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ቆሙ። 28 የማምረቻ መስመር፣ በአንድ ቀን፣ ጸጥ። ዜናው እንደተሰማ ብዙ ሰው የጠረጠረው የሳይበር ጥቃትን ነበር። ጥርጣሬው መነሻ ነበረው፤ ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ አንድ ዕቃ አቅራቢው ጥቃት ደርሶበት እነዚሁ ፋብሪካዎች ለአንድ ቀን ሥራ አቁመው ነበር። በዚህኛው ግን ጠላፊ የሚባል የለበትም። ኩባንያው ከሳምንት በኋላ፣ ጳጉሜን 1 ቀን፣ ባወጣው አጭር መግለጫ ምክንያቱን ተናገረ፦ የዲስክ ቦታ አለቀ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ስልካችሁ «ቦታ የለም» ብሎ ፎቶ አላነሣም ሲላችሁ የሚሆነው ነገር የዓለምን ትልቁን መኪና አምራች አቆመው።

ዝርዝሩን ልንገራችሁ። ፋብሪካዎቹ ከመቆማቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ነሐሴ 21፣ የዕቃ ትእዛዝ የሚያስተናግዱት ሰርቨሮች የተለመደ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። በጥገናው ጊዜ ዳታቤዙ ውስጥ የተጠራቀመው ዳታ እየተሰረዘና እየተደራጀ ሳለ የዲስክ ቦታ አነሰ፤ ስህተት ተፈጠረ፤ ሲስተሙ ቆመ። «መጠባበቂያ የላቸውም እንዴ?» እንዳትሉ፣ አላቸው። ግን መጠባበቂያው የሚሠራው በዚያው ሲስተም ላይ ስለነበር ያው ችግር ገጥሞት አብሮ ወደቀ። መፍትሔ የተገኘው ነሐሴ 23 ቀን ዳታውን ሰፋ ያለ ቦታ ወዳለው ሰርቨር በማዛወር ነው፤ በማግስቱ ፋብሪካዎቹ ሥራ ጀመሩ።

ልብ በሉ፣ ቦታ ያለቀው ዕቃ ሲጨመር አይደለም፤ ሲጸዳ ነው። ይኼ ለብዙ ሰው ግር ይላል። ቤት በደንብ ማጽዳት ስትፈልጉ መጀመሪያ አልጋውንና ወንበሩን ደጅ ታወጣላችሁ አይደል? ደጅ ከሌለ ጽዳት የለም። ዳታቤዝም እንደዚያው ነው። ብዙ ነገር በአንዴ ሲሰርዝ «ይህንን ሰርዣለሁ» የሚል መዝገብ ይጽፋል፤ ሰንጠረዥ እንደ አዲስ ሲያደራጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ቅጂ ሠርቶ ነው አሮጌውን የሚጥለው። ለዚያች አጭር ጊዜ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቶዮታ ማለት «ልክ በሰዓቱ» የሚባለውን አሠራር ለዓለም ያስተማረ ድርጅት ነው፤ መጋዘን ውስጥ የተኛ ዕቃ የተኛ ገንዘብ ነው፣ ክምችት ብክነት ነው የሚል። ለብሎንና ለጎማ እውነት ነው። ለዲስክ ግን አይሠራም ባይ ነኝ። ባዶ የዲስክ ቦታ እንደ ተኛ ዕቃ ሳይሆን እንደ ባንክ መጠባበቂያ ነው መታየት ያለበት። ብሔራዊ ባንክ ባንኮቹን ከተቀማጫቸው ላይ የተወሰነውን ሳታበድሩ ያዙ የሚላቸው ገንዘብ እንዲተኛ ፈልጎ አይደለም። አንድ ቀን ሁሉም ሰው በአንዴ ሲመጣ በሩ እንዳይዘጋ ነው።

አሁን ወደ ሰርቨሩ እንግባ። እኔ በሥራዬ የማገኘው የዩኒክስ ቤተሰብ የሆነውን፣ በተለይ ሊኑክስን ስለሆነ በእሱ ላስረዳ። እንዲህ ባለ ሰርቨር ላይ «ቴምፕ» የሚባል ፎልደር አለ። ስሙ ራሱ «ጊዜያዊ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠ ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ማንኛውም ተጠቃሚ፣ ማንኛውም ፕሮግራም፣ ሳያስፈቅድ ይጽፍበታል። ወንድሙ የሆነ «ቫር ቴምፕ» የሚባል ሌላም አለ፤ እዚያ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራም እንዲቆይ የሚፈለገው ነው።

ለምን ያስፈልጋል? አንድ ምሳሌ ብቻ። 4 ጊጋባይት ራም ያለውን ሰርቨር 10 ጊጋባይት የሆነ ፋይል በስም ቅደም ተከተል ደርድርልኝ ብትሉት፣ ሁሉንም በአንዴ ራሱ ውስጥ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ይቆራርጠዋል፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ይደረድራል፣ ቴምፕ ላይ ያስቀምጣል፣ በመጨረሻ ቁርጥራጮቹን ያዋህዳል። እናንተ የምታዩት ውጤቱን ነው፤ መሀል ላይ ግን ሌላ 10 ጊጋባይት ያህል ቦታ ተይዞ ተለቋል። እኛ የዳታ ሰዎች የምንወዳቸው ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። «አር» ገና ሲከፈት ቴምፕ ላይ የራሱን ፎልደር ይከፍታል፣ በአግባቡ ሲዘጋም ይሰርዘዋል። ስታታም ጊዜያዊ ፋይሎቹን ሥራው ሲያልቅ ያነሣል።

ችግሩ «በአግባቡ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ፣ ራም አልቆ፣ ወይም ሰውየው ቸኩሎ ፕሮግራሙን በኃይል ሲገድለው ፋይሉን የሚያነሣ አይኖርም። ባለቤቱ ሞቶ ዕቃው ይቀራል።

«ለጊዜው» የሚለው ቃል በአገራችን ያለውን ዕድሜ ታውቁታላችሁ። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር «ለጊዜው» የተቀመጠ አሮጌ ፍራሽ፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት፣ ቢጫ ጀሪካን። ያስቀመጠው ሰው ቤት ቀይሯል፤ ፍራሹ አለ። ጎረቤት ሁሉ እየተሰናከለበት ያልፋል፤ ግን «የሰው ዕቃ ነው» ብሎ የሚነካው የለም። የቴምፕ ነገር ከዚህ ቁርጥ አንድ ነው፤ እንዲያውም ሰርቨሩ ላይ «የሰው ዕቃ አትንካ» የሚለው በሕግ የተጻፈ ነው። ቴምፕ ላይ ባለሙያዎቹ «ስቲኪ ቢት» የሚሉት ምልክት አለ፤ ትርጉሙ፣ ሁሉም ሰው ማስቀመጥ ይችላል፣ ማንሣት የሚችለው ግን ያስቀመጠው ሰው ወይም የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ብቻ ነው።

ምልክቱ ባይኖር አንዱ የሌላውን ፋይል እየሰረዘ ይጫወት ነበርና አስፈላጊነቱ አያከራክርም። ግን ውጤቱን በኢኮኖሚክስ ዓይን እዩት፤ የማስቀመጥ መብት ለሁሉም፣ የማጽዳት ኃላፊነት ለማንም። ጋሬት ሃርዲን በ1968 (በፈረንጆቹ) ስለ ጋራ ሀብት ሰቆቃ ሲጽፍ የወሰደው ምሳሌ የግጦሽ መሬት ነበር። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ጥቅሙ የራሱ ነው፣ የሣሩ ማለቅ ግን ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል። ሰርቨር ላይ ከብቱ ፋይል ነው።

ሃርዲንን ጠቅሶ ማቆም ግን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሥራ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ስትወስድ የተሸለመችበት ሥራ ሰቆቃው ግዴታ እንዳልሆነ ያሳየችበት ነው። ደኑን፣ የመስኖ ውኃውን፣ የግጦሽ መሬቱን ለዘመናት ሳያጠፉ በጋራ የተጠቀሙ ማኅበረሰቦች አሉ። ምሥጢራቸው ደግነት አይደለም፤ ወሰኑ የታወቀ ነው፣ የሚቆጣጠር ሰው አለ፣ ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ እየከበደ ይሄዳል፣ ደንቡን የሚያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው። እነዚህን አራት ነገሮች ይዛችሁ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ጋ ብትሄዱ ከአራቱ አንዱን እንኳ ማግኘታችሁን እጠራጠራለሁ።

በኮንትራት ዳታ የማጸዳበት አንድ ቢሮ ነበር። ስሙ ይቅር። አሥር የምንሆን ሰዎች በአንድ ሰርቨር ላይ እንሠራለን። በየሁለት ወሩ ከአይቲ ክፍል ኢሜይል ይመጣል፦ «እባካችሁ ቴምፕ ላይ ያሏችሁን አላስፈላጊ ፋይሎች አጥፉ።» ማን ያጠፋል? ሁሉም ሰው አላስፈላጊ የሚመስለው የሌላውን ፋይል ነው። እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲላክ ኃላፊው ሥራ የሠራ ይመስለዋል እንጂ አንድ ጊጋባይት ሲለቀቅ አላየሁም።

አንድ ቀን ሌሊት ዲስኩ ሞላ። ጠዋት ስንገባ ግማሾቹ ፕሮግራሞች አይከፈቱም። ያ ቀላሉ ነው፤ የማይከፈት ፕሮግራም ይታያል። የከፋው የማይታየው ነበር። አንዲት ባልደረባችን የቤተሰብ ጥናት ዳታ ሌሊቱን እንዲዘጋጅ አዝዛ ሄዳ ነበር። ፋይሉ ሲጻፍ ሲጻፍ መሀል ላይ ቦታ አለቀና ተቆረጠ። የስህተቱ መልእክት ማንም የማያነበው ሎግ ውስጥ ገባ። ቀጣዩ ስክሪፕት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ያንን ጎዶሎ ፋይል አነበበ፣ አማካይ አወጣ፣ ሰንጠረዥ ሠራ። ሰንጠረዡ ሲታይ ምንም አይልም። አሃዞቹ እንደ አሃዝ ናቸው።

ዳታው በክልል ኮድ የተደረደረ ነበር። ስለዚህ የጠፉት በአጋጣሚ የተበተኑ ቤተሰቦች ሳይሆኑ በዝርዝሩ መጨረሻ ያሉት ክልሎች ናቸው። ልጅቷ የቤተሰቦቹን ብዛት ከመጠይቅ መዝገቡ ጋር ሳታመሳክር የማታልፍ ሰው ባትሆን ኖሮ፣ «የአገሪቱ አማካይ» ተብሎ የሚወጣው ቁጥር ጥቂት ክልሎች የሌሉባት አገር አማካይ ይሆን ነበር። በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ዕርዳታ ይመደባል፣ በጀት ይከፋፈላል። እኔ ስለ ጊዜያዊ ፋይል በጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ የምጽፈው ለዚህ ነው። ዲስክ ሲሞላ ሥራ መቆሙ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ሳይቆም መበላሸቱ ግን ሌላ ነው።

እና ምን ይደረግ? ጅብ ከሄደ በኋላ መጮኽ ልማዳችን ስለሆነ አብዛኛው ቢሮ የሚያደርገው ከሞላ በኋላ ማጥፋት ነው። መደረግ ያለበት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

መጀመሪያ፣ ቴምፕ ከዋናው ዲስክ መለየት አለበት። ብዙ ቦታ ሁሉም ነገር በአንድ ክፍል ላይ ተጭኖ ታገኙታላችሁ፤ ሲስተሙም፣ ሎጉም፣ ዳታቤዙም፣ ቴምፑም። እንዲህ ሲሆን የአንድ ሰው ድርደራ የሁሉንም ሰው ሥራ ያቆማል። የራሱ ክፍል ካለው ግን ቢሞላ የሚወድቀው ያ ሥራ ብቻ ነው፤ ግቢው ሁሉ ጨለማ አይሆንም። አዳዲሶቹ ሊኑክሶች ከዚህም አልፈው ቴምፕን ራም ላይ አድርገውታል። ፌዶራ ይህንን ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዴቢያንም ነሐሴ 2017 ዓ.ም. በወጣው 13ኛ እትሙ ተከትሎታል። ፈጣን ነው፣ ሰርቨሩ ሲጠፋም ራሱን ያጸዳል። ዋጋው ግን አለ፤ ካልተቀየረ በቀር እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። ትልልቅ ዳታ የሚደረድር ቢሮ ይህንን ሳያውቅ ሲስተሙን ካሳደሰ፣ ትናንት የሚሠራው ሥራ ዛሬ «ቦታ የለም» ይለዋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ፕሮግራሙን ጊዜያዊ ፋይሎችህን ሌላ ሰፊ ዲስክ ላይ አድርግ ማለት ይቻላል፤ ስታታም፣ አርም፣ ተራው የድርደራ ትእዛዝም ይህንን ይቀበላሉ። አንድ መስመር ናት። እኛ ዳታ ተንታኞች ይህችን መስመር ሳናውቅ ከዩኒቨርሲቲ መመረቃችን ያሳዝናል፤ ስለ ሪግሬሽን ሦስት ኮርስ ወስደናል።

ቀጥሎ ዕድሜ። ፋይሉ ለስንት ቀን ነው «ጊዜያዊ» የሚባለው? ሊኑክስ ላይ የተለመደው መልስ አለ፤ ቴምፕ ላይ 10 ቀን፣ ቫር ቴምፕ ላይ 30 ቀን ማንም ያልነካው ፋይል በራሱ ይሰረዛል። ደንቡ ቀላልና ፍትሐዊ ነው፣ ፊት አያይም፣ ኃላፊ ነኝ ብሎ የሚከራከርም የለም። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው፤ ሰው ላይ ሳይሆን ቀን ላይ የቆመ ደንብ ጥላቻ አያመጣም። ብቻ አስቀድሞ ይነገር። ሦስት ወር የደከመበትን ውጤት ቴምፕ ላይ ያስቀመጠ ሰው (አሉ፣ ብዙ አሉ) በ11ኛው ቀን የሚያለቅሰው ማንም ስላልነገረው ነው።

ዕድሜ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ሥራ በአንድ ሌሊት 200 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል፤ 10 ቀን የሚጠብቅለት የለም። ስለዚህ ጣሪያ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ይህን ያህል ብቻ የሚል ኮታ። ኮታ ሲባል የቀበሌ ስኳር ትዝ ይለንና ፊታችን ይጨማደዳል፤ ግን እዚህ ላይ ኮታ የሚያደርገው ወጪውን ወደ ፈጠረው ሰው መመለስ ነው። የእኔ ሥራ ከልክ በላይ ከበላ የሚወድቀው የእኔ ሥራ ነው፣ የጎረቤቴ አይደለም። ከዚህም የሚሻለው ትልልቅ የምርምር ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ጊዜያዊ ፎልደር ይከፈትለታል፣ ሥራው ሲያልቅ ወይም ሲሞት ፎልደሩ አብሮ ይጠፋል። ደረጃ ሥር የሚቀር ፍራሽ አይኖርም።

ስለ ማስጠንቀቂያም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቦታ «80 በመቶ ሲሞላ ኤስኤምኤስ ላክ» ተብሎ ይተዋል። ምንም ከማይኖር ይሻላል፤ ግን የሚለካው ክምችቱን እንጂ ፍሰቱን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ 90 በመቶ ላይ የቆመ ዲስክ ሰላም ነው። 40 በመቶ ላይ ሆኖ በየሰዓቱ 10 በመቶ የሚጨምረው ነው ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚገድላችሁ። የዋጋ ንረትን የተማረ ሰው ይህንን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ የዋጋው ደረጃና የዋጋው ፍጥነት የተለያዩ ናቸው።

ሁለት ተንኮሎች ደግሞ አሉ፣ አዲስ ገቢዎችን የሚያሳብዱ። አንደኛው፣ ትልቁን ፋይል ሰረዛችሁት፣ ቦታው ግን አልተመለሰም። «ዲኤፍ» የሚባለው ትእዛዝ ዲስኩ ሙሉ ነው ይላል፤ ፎልደር በፎልደር የሚቆጥረው «ዲዩ» ደግሞ ምንም የለም ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ዩኒክስ ላይ መሰረዝ ማለት ስሙን ከመዝገብ መፋቅ ነው፤ ፋይሉን ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም እስካለ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ሟቹ ከመዝገብ ተሰርዟል፣ ደመወዙ ግን በየወሩ ይወጣል እንደማለት ነው፤ ይህንን ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስቸግርም። መፍትሔው ፋይሉን የያዘውን ፕሮግራም ፈልጎ ማስጀመር እንጂ ሌላ ፋይል ማጥፋት አይደለም። ሁለተኛው፣ ዲስኩ ግማሽ ባዶ ሆኖ «ቦታ የለም» ይላል። ብዙዎቹ የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች ለፋይሎች ብዛትም ጣሪያ አላቸውና፣ አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይል ቢፈለፍል ኪሎው ሳይሞላ ቁጥሩ ይሞላል።

በነገራችን ላይ የድሮዎቹ የዩኒክስ ሰዎች የመጠባበቂያን ነገር ገና ዱሮ ገብቷቸዋል። በሊኑክስ በጣም የተለመደው ኤክስት4 የሚባለው የፋይል አያያዝ ካልተነካ በቀር 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው ብቻ ይይዛል። ተራ ተጠቃሚ «ሞላ» ሲባል አስተዳዳሪው ገብቶ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይኖረዋል። አንዳንድ «ጎበዝ» ባለሙያ ይህንን ወደ ዜሮ አውርዶ «ቦታ አስገኘሁ» ሲል ሰምቻለሁ። መጠባበቂያውን በልቶ አተረፍኩ የሚል ባንክ ቢኖር ምን እንደምንለው አስቡት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «አጽዱ» የሚል ይመስላል። ግን ማጽዳት ራሱ አደገኛ ሥራ ነው፤ ከመሙላትም ይብሳል። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐርኮምፒውተር ላይ የደረሰው ይህንን ያሳያል። ከ10 ቀን በላይ የቆዩ ሎጎችን የሚያጠፋ ስክሪፕት ነበር፤ የባክአፑ አካል ነው፣ ተራ ጽዳት። ሲስተሙን ያቀረበው ኩባንያ፣ ሒውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ፣ ስክሪፕቱን ሊያሻሽል ብሎ እየሠራ ሳለ በላዩ ላይ አዲሱን ጻፈበት። የዩኒክስ ሼል ደግሞ ስክሪፕትን አንዴ አንብቦ የሚጨርስ አይደለም፤ እየሠራ እየሠራ ነው የሚያነበው። መሀል ላይ ሲቀየርበት «የትኛውን ፎልደር ላጽዳ» የሚለው ቦታ ባዶ ሆነ፣ እናም ሎጎቹን ሳይሆን የተመራማሪዎቹን ፋይል ማጥፋት ጀመረ። ከታኅሣሥ 5 እስከ 7 ድረስ 34 ሚሊዮን ያህል ፋይል፣ 77 ቴራባይት፣ የ14 የምርምር ቡድን ሥራ ጠፋ። የአራቱ ቡድኖች ሊመለስ አልቻለም።

ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉታል ይህ ነው። ስለዚህ የጽዳት ስክሪፕት ሲጻፍ ስሙ ያልተሞላ ነገር ሲያጋጥመው ቀጥ ብሎ እንዲቆም መታዘዝ አለበት፤ ይህም አንድ መስመር ናት። መጀመሪያ ሳያጠፋ የሚያጠፋውን ዝርዝር ብቻ ያሳይ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ዲስኩ ሞልቶ፣ ስልክ እየጮኸ፣ ኃላፊ ከጀርባ ቆሞ «ቶሎ በል» እያለ አይሠራም። በዚያ ሰዓት የተጻፈ የማጥፊያ ትእዛዝ የሚያጠፋውን አያውቅም። ቀን ላይ የቆመ ደንብ ያስፈልጋል የምለው ለዚህም ጭምር ነው፤ ማጥፋት በጥድፊያ ሰዓት የሚወሰን ውሳኔ መሆን የለበትም።

«ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ዲስክ ርካሽ ነው፣ ግዙ» የሚል ይኖራል። ቶዮታም መጨረሻ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ወደ ሰፊ ሰርቨር ተዛወረ፣ ዳነ። ለአደጋ ጊዜ አልቃወምም። እንደ ዘላቂ አሠራር ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ «ዲስክ ርካሽ ነው» የሚለው አባባል ደመወዙ በዶላር የሆነ ሰው አባባል ነው። የውጭ ክላውድ የሚከራይ የአዲስ አበባ ድርጅት ሒሳቡ የሚመጣው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ዲስክ፣ ያው ጊጋባይት፣ በብር ሲመነዘር ሌላ ዋጋ ነው። ሁለተኛ፣ ባለቤት የሌለው ቦታ ቢሰፋም ይሞላል። ሃርዲን መስኩን እጥፍ አድርጉት ቢባል ከብቱ እጥፍ ይሆናል ይል ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ለክፍያ፣ ለቅጂ፣ ለማኅተም ቢሮ ሄዳችሁ «ሲስተም የለም» ያልተባላችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከአንድ መስኮት ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት ቆሜ ተኩል ላይ የሄድኩበት ቀን አለ፤ አንድ ሽማግሌ «ሲስተም ማለት ሰውዬው ነው? ለምሳ ወጥቶ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም ሳቅን። ሲስተም ሰው አይደለም፤ በር ዘግቶ አይወጣም። አንድ የታወቀ ነገር ነው የሚሆነው፤ መብራት ነው፣ መስመር ነው፣ ሶፍትዌር ነው፣ አንዳንዴም የሞላ ዲስክ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ግን ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትቶ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። ባለጉዳይ ምክንያቱን ካላወቀ፣ ያው ምክንያት በሚቀጥለው ወር ሲደገም «ባለፈውም እኮ ይኸው ነበር» ሊል አይችልም። ኃላፊውም በጀት ሲጠይቅ ለምን እንደሆነ ማሳየት አይችልም።

ቶዮታን ያነሣሁት ለመሳለቅ አይደለም። ዲስክ ማንም ዘንድ ይሞላል። ያስገረመኝ፣ በዓለም ፊት የሚያሳፍር ምክንያት ሆኖ ሳለ «የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የዲስክ ቦታ አልበቃ ብሎን ነው፣ መጠባበቂያችንም አብሮ ወደቀ» ብለው መጻፋቸው ነው። የኪዮቶውም እንዲሁ፤ አቅራቢው ኩባንያ «መቶ በመቶ ኃላፊነቱ የእኛ ነው» ብሎ የስህተቱን ሒደት ጽፎ ዩኒቨርሲቲው ለሕዝብ አወጣው። እኔ ዛሬ ይህንን ሁሉ ላወራችሁ የቻልኩት እነሱ ስለጻፉት ነው።

አንድ ገጽ አይጠየቅም። መስኮቱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይበቃል፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አገልግሎት የተቋረጠው የሰርቨራችን ጊዜያዊ ማከማቻ ስለሞላ ነው። አሁን ተለይቶ የራሱ ክፍል ተሰጥቶታል። በዚያ ሰዓት የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ መስኮት 4 ቅረቡ፤ ክፍያችሁ በትክክል መመዝገቡን እናረጋግጥላችኋለን።» እስካሁን እንዲህ ያለ ወረቀት ተለጥፎ አይቼ አላውቅም።